በደሴና በኮምቦልቻ ዓይነት መሬት ላይ ፍሪኩዌንሲ ሆፒንግ እንዴት ይተከላል? ዝርዝር መመሪያ

ፍሪኩዌንሲ ሆፒንግ፣ ማለትም ጥሪው በየቅጽበቱ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ እየቀየረ እንዲዘል ማድረግ፣ ኢንተርፈረንስን (የሌላ ጣቢያ ሲግናል የሚያመጣውን ረብሻ) አያጠፋም፤ ያከፋፍለዋል። ካፓሲቲ (ኔትወርኩ የሚሸከመው የጥሪ ብዛት) የሚገኘውም ሆፒንጉ ስለበራ ሳይሆን፣ ከክፍፍሉ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥሪ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ሆኖ ሲቀር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ይሠራል፤ ሎሚው ሃምሳ ሺህ ከሆነ ግን ሃምሳውም ሰው ይጎብጣል። ሆፒንግ በርቶ ኔትወርኩ የባሰባቸው ከተሞች ላይ ሲታይ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ማካፈሉ ተሠርቷል፣ ሸክሙን መቀነሱ ተረስቷል።

መመሪያው የሚመለከተው 2ጂን፣ ማለትም ጂኤስኤምን ነው። 3ጂ እንዲህ አይዘልም፤ 4ጂም የራሱ ሌላ ዘዴ አለው። በምሳሌው የሚገቡት የቻናል ቁጥሮች ለስሌት የተመረጡ ናቸው እንጂ የየትኛውም ኦፕሬተር ድልድል አይደሉም።

አሠራሩ ባጭሩ

በጂኤስኤም አንድ ፍሬም 4.615 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በውስጡ 8 ታይምስሎት (ለየጥሪው የሚሰጥ የጊዜ ቁራጭ) አለ። ሆፒንግ ሲበራ ጥሪው በየፍሬሙ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ማለት ነው። የ20 ሚሊሰከንድ ንግግር 456 ቢት ሆኖ በ8 ቡርስት (አጭር የሬዲዮ ምት) ላይ ተበታትኖ ይላካል። ከስምንቱ አንድ ሁለቱ ቢበላሹ የስህተት ማረሚያው ኮድ ያድሳቸዋል። ስምንቱም በአንድ መጥፎ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከወደቁ ግን የሚታደስ ነገር የለም። የሆፒንግ ጥቅም ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጥቅሙ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ፌዲንግን፣ ማለትም የሲግናሉን ከቦታ ቦታ መዳከም፣ ይመለከታል። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሲግናሉ በየ17 ሴንቲ ሜትሩ ይጠልቃል። በደሴ ፒያሳ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ያንን 17 ሴንቲ ሜትር ለማለፍ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስምንቱ ቡርስት የሚበተኑበት ጊዜ ደግሞ 40 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሲግናሉ በጠለቀበት ቦታ ላይ እያለ ሙሉ ቃላት ይጠፉበታል፤ ቆሞ የሚያወራ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። ሆፒንግ የሚያወጣው እነዚህን ሰዎች ነው፤ አንዱ ፍሪኩዌንሲ በጠለቀበት ቦታ ሌላው ላይጠልቅ ይችላልና። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን ያንኑ ርቀት በ10 ሚሊሰከንድ ስለሚያልፈው ፍጥነቱ ራሱ ሥራውን ሠርቶለታል። ስለዚህ የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ብቻ በመኪና ለክቶ «ሆፒንጉ ምንም አልጨመረም» ማለት የልኬት ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ራሱ ኢንተርፈረንሱን ይመለከታል። ያለ ሆፒንግ አንድ ዕድለ ቢስ ጥሪ ከሩቅ ሴል (የአንድ አንቴና ሽፋን ክልል) ጋር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቆራኝቶ እስከ መጨረሻው ይሰቃያል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ምንም አይነካውም። ሆፒንግ ሲኖር ሁሉም በየተራ ትንሽ ትንሽ ይነካል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አንቴናውን

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ በወሎ መሬት ላይ ግማሹ ሥራ ይህ ነውና። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ተከባ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከሀረጎ ተራራ ማዶ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ሜዳ ላይ ናት። ለኮምቦልቻ የሚስማማው የ3 ወይም የ4 ዲግሪ ቲልት (የአንቴናው ወደ ታች ማጎንበስ) ለደሴ አይሆንም። ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ ከከተማው በ300 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ አንቴና 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰፈርን እንዲያይ 8.5 ዲግሪ ያህል ማጎንበስ አለበት፤ ስሌቱ 300 ለ2,000 ተካፍሎ የሚገኘው ማዕዘን ነው። በ3 ዲግሪ ከተተወ ዋናው ጨረር ከከተማው በላይ ያልፍና ማንም ያልጠራው ሸለቆ ውስጥ ይወርዳል።

ያለ ሆፒንግ ይህ ሴል የሚረብሸው የራሱን ፍሪኩዌንሲ የሚጋሩትን ብቻ ነበር። ሆፒንግ ሲበራ፣ በተለይ ሁሉም ሳይት (የአንቴና ጣቢያ) አንድ ዓይነት የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ሲጠቀም፣ የአንዱ ሴል ጥፋት የሁሉም ይሆናል። ደግሞም ምንጩን ማግኘት ከባድ ነው፤ ቀድሞ አንድ የተበላሸ ቻናል ይታይ የነበረው አሁን በመላው ከተማ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ይሰራጫል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ ሳይነኩ በፊት፦

ከእያንዳንዱ ሴል ጥሪዎች የሚመጡበትን ርቀት በታይሚንግ አድቫንስ (ሲግናሉ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ በሚለካው) ቆጣሪ ይዩ። አንዱ እርከን 550 ሜትር ያህል ነው። የከተማ ሴል ሆኖ ከ10ኛው እርከን በላይ ብዙ ጥሪ የሚያነሳ ካለ ከታሰበለት በላይ እያየ ነው። ቲልቱን በ2 ዲግሪ እየጨመሩ ደግመው ይለኩ። ቲልት ካልበቃ አንቴናውን ከማማው ላይ ዝቅ ያድርጉ። ሐይቅ አካባቢ ደግሞ የውሃው ገጽ ሞገድን አርቆ ስለሚያሻግር በቲልት ላይ ደፈር ማለት ያስፈልጋል።

ሆፒንግ የማይፈታው አንድ ነገርም አለ፤ ከገደል ተንጸባርቆ ዘግይቶ የሚመጣ ሲግናል። የስልኩ ኢኳላይዘር (የዘገዩ ቅጂዎችን የሚያስተካክለው ክፍል) የሚችለው መዘግየት 16 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህም 4.8 ኪሎ ሜትር የመንገድ ልዩነት ነው። ከዚያ በላይ የዘገየ ነጸብራቅ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚመጣ መዝለል አያስመልጥም። መድኃኒቱ አንቴናውን ከገደሉ ፊት ማዞር ነው።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ይምረጡ

ቤዝባንድ ሆፒንግ ላይ እያንዳንዱ ቲአርኤክስ (የሳይቱ ማስተላለፊያና መቀበያ ክፍል) በራሱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቆማል፤ ጥሪው ነው ከቲአርኤክስ ወደ ቲአርኤክስ የሚዘለው። ስለዚህ የሚዘልባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ከቲአርኤክሶቹ ቁጥር አይበልጡም። ሲንተሳይዝድ ሆፒንግ ላይ ግን ቲአርኤክሱ ራሱ ይዘላል፤ 3 ቲአርኤክስ በ18 ፍሪኩዌንሲ ላይ መዝለል ይችላል። ዋጋው ሰፊ ባንድ የሚያሳልፍ ሃይብሪድ ኮምባይነር (የብዙ ቲአርኤክሶችን ሲግናል ወደ አንድ አንቴና የሚያገናኝ ዕቃ) መፈለጉ ነው፤ አንዱ የኮምባይነር እርከን 3 ዲቢ፣ ማለትም የኃይሉን ግማሽ፣ ይበላል።

3 ዲቢ በከተማ ቀላል ነው። ወገል ጤና ወይም ደላንታ ደጋ ላይ ለብቻው የቆመ ሳይት ላይ ግን የሽፋኑን ራዲየስ በ18 በመቶ ገደማ ያሳጥራል፤ በስፋት ሲታሰብ ሲሶው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሳይት ጎረቤትም የለው፣ ኢንተርፈረንስም የለበት። እዚያ ቤዝባንድ ሆፒንግን በዙር ቅደም ተከተል መጠቀም ይበቃል፤ የሚፈለገው የፌዲንግ ጥቅም ብቻ ነውና። በ2 ፍሪኩዌንሲ ትርፉ ጥቂት ነው፤ በ4 በደንብ ይታያል፤ ከ8 በኋላ ጭማሪው እየደከመ ይሄዳል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሲንተሳይዝድ ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ ፍሪኩዌንሲውን ይክፈሉ

31 ተከታታይ ቻናል፣ ከ57 እስከ 87፣ አለን እንበል። እያንዳንዱ 200 ኪሎኸርዝ ስለሆነ በድምሩ 6.2 ሜጋኸርዝ ነው።

ከ57 እስከ 68 ያሉትን 12ቱን ለቢሲሲኤች (ሴሉ ራሱን ለስልኮች ለሚያሳውቅበት ቻናል) ይስጡ። ቢሲሲኤች ዘወትር በሙሉ ኃይል ስለሚያስተላልፍ ከሚዘሉት ጋር መቀላቀል የለበትም። ለአራት ሳይት ለሦስት ሦስት ሴክተር (ሳይቱ በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው ሴል) ሲደለደል የመጀመሪያው ሳይት 57፣ 61፣ 65 ያገኛል፤ ሁለተኛው 58፣ 62፣ 66፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

69ን ባዶ ይተዉት። ድንበር ነው። ጎረቤት ቻናል ከራስዎ ሲግናል በ9 ዲቢ ቢበልጥ እንኳ ተቀባዩ ይችለዋል፤ በተራራ ከተማ ግን የቢሲሲኤች ሙሉ ኃይል ከዚያም ሲያልፍ ይታያል።

ከ70 እስከ 87 ያሉት 18ቱ ለሆፒንግ ናቸው። ሁለት አማራጭ አለ። በ1 በ3 ዘዴ ሴክተር አንድ 70፣ 73፣ 76፣ 79፣ 82፣ 85 ይይዛል፤ ሴክተር ሁለት ከ71 እየጀመረ በ3 እየዘለለ እስከ 86፤ ሴክተር ሦስት ከ72 እስከ 87። በ1 በ1 ዘዴ ደግሞ ሁሉም ሴክተር 18ቱንም ይጠቀማል። 1 በ3 የሚያምረው ሴክተሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረው ሲቆሙ ነው፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይህ ይቻላል። ደሴ ላይ አንቴናው የሚዞረው መሬቱ በፈቀደለት ነው። የሴክተር አንድ ጨረር የሌላውን ሳይት ሴክተር አንድ ፊት ለፊት የሚያይበት ብዙ ቦታ ስላለ እዚያ 1 በ1 ይሻላል፤ 18 ፍሪኩዌንሲ ስለሚበትነው የሚደርሰው ጉዳት ይለሰልሳል።

ደረጃ 4፦ ኤችኤስኤን እና ኤምኤአይኦ

ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው። ኤችኤስኤን የዝላዩን ቅደም ተከተል ይወስናል፤ ከ0 እስከ 63 ይሆናል። 0 ማለት በዙር መሄድ ነው፤ ከ1 እስከ 63 ያሉት የተደበላለቀ ቅደም ተከተል ይሰጣሉ። ኤምኤአይኦ ደግሞ እያንዳንዱ ቲአርኤክስ ከዝርዝሩ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚነሳ ይነግረዋል።

በአንድ ሳይት ያሉ ሦስቱም ሴክተሮች አንድ ኤችኤስኤን ይውሰዱ፤ የተለያዩ ሳይቶች የተለያየ ኤችኤስኤን ይውሰዱ። ምክንያቱም በአንድ ሳይት ያሉት በአንድ ሰዓት ስለሚሄዱ በኤምኤአይኦ ተለያይተው ፈጽሞ ሳይጋጩ መዝለል ይችላሉ። የተለያየ ኤችኤስኤን ያላቸው ሁለት ቲአርኤክሶች በ6 ፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ላይ የሚጋጩት ከስድስት አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱም ላይ 0 ከተሰጠ ወይ ፈጽሞ አይገናኙም ወይ ሁልጊዜ ይጋጫሉ፤ የትኛው እንደሚደርስ ደግሞ በሰዓታቸው ልዩነት ላይ የተመሠረተ ዕጣ ነው። በከተማ ውስጥ 0 አይግባ።

ለ1 በ3 ምሳሌያችን በየሴክተሩ 3 የሚዘሉ ቲአርኤክሶች ሲኖሩ ኤምኤአይኦው ይህ ነው፦ ሴክተር አንድ 0፣ 2፣ 4፤ ሴክተር ሁለት 1፣ 3፣ 5፤ ሴክተር ሦስት 0፣ 2፣ 4። እንፈትሸው። በመጀመሪያው ቅጽበት ሴክተር አንድ 70፣ 76፣ 82 ላይ ነው፤ ሁለት 74፣ 80፣ 86 ላይ፤ ሦስት 72፣ 78፣ 84 ላይ። ሁሉም ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) ቁጥር ስለሆኑ ተጎራባች ቻናል የለም። ቅደም ተከተሉ በአንድ ሲንሸራተት ሁሉም ጎዶሎ ይሆናሉ፤ አሁንም ግጭት የለም። በሴክተሩ አራተኛ የሚዘል ቲአርኤክስ ከጨመሩ ግን ይህ ውበት ይፈርሳል፤ በአንድ ሳይት ውስጥ ተጎራባች ቻናሎች መገናኘታቸው አይቀርም።

ለ1 በ1፦ ሴክተር አንድ 0፣ 2፣ 4፤ ሁለት 6፣ 8፣ 10፤ ሦስት 12፣ 14፣ 16።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሦስቱ ሴክተሮች የፍሬም ቁጥራቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በኋላ የተጨመረ ካቢኔት ካለ ከዋናው ጋር በማመሳሰያ ኬብል መታሰሩን ያረጋግጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንደኛው ካቢኔት ለብቻው ከተነሳ የፍሬም ቁጥሩ ይለያያል፣ የኤምኤአይኦ ፕላኑም ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ምልክቱ፦ ከመብራት መጥፋት ማግስት ጀምሮ ያለ ምንም ለውጥ የአንድ ሳይት ጥራት መውረድ።

ቢሲሲ የሚባለውንም ቁጥር፣ ከ0 እስከ 7 ያለውን፣ ለሚተያዩ ሴሎች አይድገሙ። የትሬኒንግ ኮዱ ከእሱ ስለሚወሰድ ተመሳሳይ ኮድ ያላቸው ሁለት ቡርስቶች ሲጋጩ ስልኩ የራሱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

ደረጃ 5፦ ካፓሲቲውን ያስሉ

ያለ ሆፒንግ፣ በጥንቃቄው የ4 በ12 ድልድል (ፍሪኩዌንሲው ለ4 ሳይት፣ ለ12 ሴክተር ሲከፋፈል)፣ 18ቱ ፍሪኩዌንሲ ለየሴክተሩ አንድ ይደርሱና 6 ይተርፋሉ። ከቢሲሲኤች ጋር 2 ቲአርኤክስ፣ 14 የንግግር ቻናል፤ በ2 በመቶ የጥሪ እምቢታ 8.2 ኧርላንግ (አንድ ኧርላንግ አንድ ቻናል ሙሉ ሰዓት ሲያዝ ነው)። ጠበቅ ባለው የ3 በ9 ድልድል 3 ቲአርኤክስ፣ 22 ቻናል፣ 14.9 ኧርላንግ ይገኛል፤ ግን ዕድለ ቢሶቹ ጥሪዎች ይበዛሉ። በሆፒንግ 4 ቲአርኤክስ፣ 29 ቻናል፣ 21 ኧርላንግ። አንድ ደንበኛ በጫና ሰዓት 25 ሚሊኧርላንግ ቢጠቀም በሴክተር 328፣ 596 እና 840 ሰው እንደ ቅደም ተከተላቸው ማለት ነው።

የጫና ሰዓቱን ሲመርጡ የሳምንት አማካይ አይውሰዱ። ባቲን የሚያቅድ ሰው ሰኞን፣ የገበያውን ቀን፣ ካልወሰደ ማቀዱ ለባዶ ነው። ግሸን ደግሞ መስከረም 21 ከዓመቱ ሌላ ቀን ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 6፦ ዲቲኤክስና ፓወር ኮንትሮል

ያለ እነዚህ ሁለቱ ሆፒንግ አያብሩ። 3 ቲአርኤክስ በ6 ፍሪኩዌንሲ ላይ 50 በመቶ ጫና ነው። በጫና ሰዓት ቻናሎቹ 72 በመቶ ቢያዙ፣ ከአንድ ጎረቤት ሴል የሚመጣ ግጭት 36 በመቶ ቡርስቶችን ያገኛል፤ ከስምንቱ ወደ 3 ገደማ። ኮዱ ይህን ሁልጊዜ አይችልም። ዲቲኤክስ ሲበራ ሰው ዝም ሲል ማስተላለፊያውም ዝም ይላል፤ የንግግር ድርሻውን 55 በመቶ ብንወስድ ግጭቱ ወደ 20 በመቶ፣ ከስምንቱ 1.6 ይወርዳል። በመዳንና በመጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ፓወር ኮንትሮል (የማስተላለፊያ ኃይልን እንደ ፍላጎቱ ማስተካከል) በ2 ዲቢ እርከን ይሠራል። የስልኩም የሳይቱም ደረጃ ማይነስ 80 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) አካባቢ እንዲያርፍ ይጀምሩ፤ ከሳይቱ ሥር ያለ ስልክ 33 ዲቢኤም የሚልክበት ምክንያት የለም።

ደረጃ 7፦ ገደቦቹን ያስተካክሉ

ሆፒንግ ሲበራ አርኤክስኳል (ከ0 እስከ 7 የሚሰጥ የጥራት ነጥብ፤ ሲጨምር የባሰ ነው) የባሰ ይመስላል፤ የንግግሩ ጥራት ግን የተሻለ ሊሆን ይችላል። አርኤክስኳል የሚቆጥረው ከመታደሱ በፊት ያለውን የቢት ስህተት ስለሆነ ነው። የጥራት ሃንድኦቨር (ጥሪውን ወደ ሌላ ሴል ወይም ቻናል ማዛወር) በ4 ይነሳ ከነበረ ወደ 5 ከፍ ያድርጉት፤ አለዚያ ስልኮች ያለ ምክንያት ከሴል ሴል ይንከራተታሉ። በዚያው ሴል ውስጥ ቻናል የሚያስቀይረውን ሃንድኦቨር ለሚዘሉት ቲአርኤክሶች ያጥፉ፤ አዲሱም ቻናል የሚዘልበት ዝርዝር ያው ነው፣ የሚያገኘውም ኢንተርፈረንስ ያው። ፍርዱን በኤፍኢአር (ሳይታደሱ በቀሩ የንግግር ፍሬሞች ድርሻ) ይስጡ፤ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ንግግሩ ደህና ነው።

ኤስዲሲሲኤችን (ጥሪ የሚመሠረትበትን የመቆጣጠሪያ ቻናል) በማይዘለው የቢሲሲኤች ቲአርኤክስ ላይ ያስቀምጡ። ኤጅ ዳታንም (የ2ጂ ኢንተርኔትን) እንዲሁ፤ ከፍተኛው ኮድ፣ ኤምሲኤስ 9፣ ምንም የመጠባበቂያ ቢት ስለሌለው አንድ የተመታ ቡርስት ይጥለዋል።

ደረጃ 8፦ ማብራትና መመርመር

አንድ ሳይት ብቻ አይለውጡ፤ የሚተያዩትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይለውጡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምረው ከ10 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ለሱብሒም ለኪዳንም የሚነሳ ሰው ስልኩን ያነሳል። የድሮውን ፓራሜትር ፋይል ይያዙ። በማግስቱ ፒያሳና ሰኞ ገበያ በእግር፣ ሀረጎን በመኪና ይለኩ፤ ሕንፃ ውስጥም ይግቡ።

ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ አርኤክስኳል 7 የሚሆነው ሁለተኛ ጥሪ ሲገባ ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ሴል ሁለት ቲአርኤክሶች አንድ ኤምኤአይኦ ይዘዋል። በቤዝባንድ ሳይት ላይ የሴክተሩ ጥሪዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ከተበላሹ አንድ ቲአርኤክስ ሞቷል፤ ከ4 አንዱ ሲሞት የእያንዳንዱ ጥሪ ሩብ ቡርስት ይጠፋል። በሲንተሳይዝድ ላይ የሚጎዱት የሞተው ቲአርኤክስ ራሱ የያዛቸው ብቻ ናቸው። ድምፁ ጥሩ ሆኖ ጥሪው የሚቋረጥ ከሆነ ኤኤምአርን (እንደ ሲግናሉ ሁኔታ ራሱን የሚያስተካክለውን የንግግር ኮድ) ይጠርጥሩ፦ ኤኤምአር ንግግሩን በደካማ ሁኔታም ያቆየዋል፣ ኤስኤሲሲኤች የሚባለው የመቆጣጠሪያ ቻናል ግን ያን ያህል ጽናት የለውም፤ ቀድሞ እሱ ይወድቅና ጥሪውን ይዞት ይሄዳል። የሬዲዮ ሊንክ ታይምአውቱን (ሲግናል ሲጠፋ ጥሪው ከመቋረጡ በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ) በጥቂቱ ማራዘም ይረዳል፤ ካልረዳ ፍሪኩዌንሲው ከአቅም በላይ ተጭኗል፣ ከየሴክተሩ አንድ የሚዘል ቲአርኤክስ ይቀንሱ።